ያልተጨመቀ ሹራብ

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እድላዊት የላውንደሪውን በር ገፋ ስታደርገው ክፍት ሆኖ አገኘችው። ይህ አላስደነቃትም። አሠሪዋ ወይዘሮ ፀሐይነሽ፣ ውሃ የሚመጣው በማለዳ ስለሆነ፣ ሁልጊዜ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምረው ለማሽን የማያምኑትን ልብስ በእጃቸው ያጥባሉ። ያስደነገጣት ዝምታው ነበር። ወይዘሮ ፀሐይነሽ እጃቸው ሳሙና ሲነካ ማንጎራጎር አይተዉም።

«እትዬ?» ብላ ወደ ማጠቢያው ክፍል ዘለቀች።

ሴትዮዋ በሲሚንቶው ገንዳ ሥር በጀርባቸው ወድቀዋል። ዓይናቸው እንደተከፈተ ነው። ከራሳቸው የፈሰሰው ደም ከሳሙናው ውሃ ጋር ተቀላቅሎ እስከ መውረጃው ቀዳዳ ደርሷል።

ኢንስፔክተር ገንዘቤ ከረዳቷ ከሳጅን ሃይደር ጋር ቦሌ ሚካኤል ስትደርስ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር። የሠፈሩ ሰው ወይዘሮ ፀሐይነሽን ያውቃቸዋል። ሃያ ዓመት የሞላው የሙሽራ ቀሚስ እሳቸው ዘንድ ገብቶ እንደ አዲስ ይወጣል ይባላል። «ልብስን የሚያስረጀው መልበሱ አይደለም፤ አስተጣጠቡ ነው» የሚለውን አነጋገራቸውን ልጆች ሳይቀሩ ይደግሙታል።

ሃይደር ወለሉን አየና፣ «አዳልጧቸው ይመስላል። ሳሙና፣ ሲሚንቶ፣ ዕድሜ...» አለ።

ገንዘቤ ተንበርክካ የሟቿን እጅጌ ቀስ ብላ ሰበሰበች። በሁለቱም ክንዶች ላይ፣ ከክርን ከፍ ብሎ፣ የጣት ቅርጽ ያለው ብልዘት ወጥቷል።

«የሚያዳልጠውን ሰው፣» አለች፣ «ማን ነው ሁለት ክንዱን ጨምድዶ የሚይዘው?»

ሃይደር ጣቱን ወደ ጣራው ቀሰረ። «እንግዲያው ሰዓቱ ይጠቅመናል። ላይ ጣራው ላይ የተሰጣ ልብስ አለ፤ ገና ይንጠባጠባል። ልብሱን ሰቅለው እንደወረዱ ነው የተገደሉት ማለት ነው። ከሁለት ሰዓት በፊት ሊሆን አይችልም።»

«እንየው።»

ጣራው ጠፍጣፋ ነው። ግማሹ በቆርቆሮ ተከድኗል፤ ግማሹ ፀሐይ ላይ ነው። ከቆርቆሮው ሥር ያለው ገመድ ባዶ ሆኖ፣ ፀሐይ የሚመታው ላይ አምስት ልብስ ተሰቅሏል። አመድማ የሱፍ ሹራብ በሽቦ መስቀያ ከትከሻው ተንጠልጥሎ እጅጌው ወደ መሬት ተጎትቷል። ሁለት ጥቁር ሸሚዞች አሉ። ቀይ ቀሚስና ነጭ ነጠላ ጎን ለጎን ናቸው፤ የነጠላው ዳር ሮዝ ነጠብጣብ ይዟል። ውሃው ጠብ ጠብ ይላል።

ገንዘቤ የሹራቡን ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዘችና ጣቶቿን አፋተገች። ተሙለጨለጩ። አሸተተቻቸው።

«ሃይደር፣ ማንም ሰው ወደዚህ እንዳይወጣ። እድላዊት የምትባለዋን ብቻ ጥራልኝ።»

እድላዊት ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ዘንድ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። ደረጃውን ጨርሳ ገመዱን ስታይ ግን ልቅሶዋ ቀጥ አለ፤ ሳታስበው እጇን ወደ ሹራቡ ዘረጋች።

«አትንኪው!» አለች ገንዘቤ።

«ይቅርታ... እየተለጠጠ እኮ ነው። ማነው እንዲህ የሰቀለው?»

«ምኑ ላይ ነው ስህተቱ? እኔ ቤቴ የማጥበው ሹራብ ሁሉ ለልጅ ነው የሚሆነው፤ ስለዚህ አስረጂኝ።»

እድላዊት አፍንጫዋን ጠረገች። «የሱፍ ሹራብ አይንጠለጠልም። የራሱ ውሃ ይጎትተዋል። በፎጣ ጠቅልለን ውሃውን እናስመጥጠዋለን፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ አግድም ዘርግተን ነው የምናደርቀው። ጥቁር ሸሚዝ ደግሞ ተገልብጦ ነው የሚታጠበውም የሚሰጣውም፤ ፀሐይ ቀለሙን ይበላዋል። ቀይ ቀሚሱ አዲስ ነው፣ ቀለም ይለቃል፤ ትናንት ማታ እትዬ ራሳቸው ‹ይሄ ለብቻው ሳፋ› ብለውኛል። ከነጠላ ጋር? እትዬ ይሄን ቢያዩ...»

ፊቷን ከገመዱ አዞረች።

«ትናንት ተጣልታችኋል አሉ» አለች ገንዘቤ ድምፅዋን ሳትቀይር።

እድላዊት አንገቷን ደፋች። «የደንበኛ ሐር ሸሚዝ ላይ በረኪና አፈሰስኩ። ሐር በረኪና ሲነካው ያልቅለታል። ‹ነገ እንነጋገራለን› አሉኝ። የሚያባርሩኝ መስሎኝ ሌሊቱን አልተኛሁም።»

«ዛሬ ሁለት ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?»

«ታክሲ ሰልፍ ላይ። ብቻዬን።»

ቀጥሎ የመጣው ካውያ ተኳሹ ላጲሶ ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ረጋ ያለ የሆሳዕና ሰው ነው፤ ከላውንደሪው ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቷል። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

«ዛሬ ዘግይተው ነው የመጡት፣ አቶ ላጲሶ።»

«ሾላ ገበያ ሄጄ ነበር። ሳሙና ልገዛ።»

«ለዚህ ቤት?»

መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አሻሸና፣ «ልዋሽዎት አልፈልግም። ለራሴ ነው። ከመንገዱ ማዶ ላውንደሪ ልከፍት ቤት ተከራይቻለሁ። ለእትዬ ልነግራቸው አፍሬ ስቆይ ከሰው ሰሙ። ‹አስተምሬህ ፊት ለፊቴ ልትቆም ነው?› አሉኝ» አለ።

«ገበያ ውስጥ ያየዎት ሰው አለ?»

«ሺህ ሰው አይቶኛል። የሚያውቀኝ ግን የለም።»

ገንዘቤ ወደ ግድግዳው ዞረች። በዚያ ትንሽ መደርደሪያ አለ፤ በላዩም ስም የተለጠፈባቸው ትንንሽ የላስቲክ ከረጢቶች ተደርድረዋል። አንዱ ውስጥ ቁልፍ፣ ሌላው ውስጥ የጆሮ ጉትቻ ይታያል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ከኪስ የሚወጣ ነው። እትዬ ሳይፈትሹ ልብስ ውሃ አያስነኩም። ብዕር ሸሚዝ ይገድላል፣ ሶፍት ጥቁር ልብስ ያበላሻል ይላሉ። የተገኘው ሁሉ ለባለቤቱ ይቀመጣል።» ላጲሶ ትንሽ አመነታ። «ትናንት ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከአንድ ልብስ ኪስ የሆነ ነገር አውጥተው እዚህች በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ስልክ ደወሉና ‹ነገ በማለዳ፣ ሠራተኛ ሳይገባ› ሲሉ ሰማሁ። ለማን እንደሆነ አላወቅኩም።»

ገንዘቤ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ አየች። ከመካከላቸው አንዱ ባዶ ነበር። በወይዘሮ ፀሐይነሽ ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ፣ «አምላኩ፣ ጥቁር ሱፍ፣ ካርድ» ይላል።

አምላኩ የሟቿ ልጅ የሊሊ እጮኛ ነው። ሠርጋቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። ኦሎምፒያ አንድ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ውስጥ ይሠራል። ሊሊ የእናቷን መርዶ እንደሰማች የደወለችው ለእሱ ነው፤ ከመጣበት ሰዓት ጀምሮም ከአጠገቧ አልተለየም። ረጅም፣ መልከ መልካም፣ ድምፁ የሚያረጋጋ ሰው ነው። ግራጫ ኮቱን እስከ ላይኛው ቁልፍ ዘግቷል።

ገንዘቤ መጀመሪያ ሊሊን ለብቻዋ ጠራቻት።

«እናትሽ ከቤት ስንት ሰዓት ወጡ?»

«አሥራ አንድ ተኩል። ተኝቼ ነበር። በሩ ሲዘጋ ሰምቻለሁ።»

«ትናንት ማታ ምን ተባባላችሁ?»

ሊሊ ከንፈሯን ነከሰች። «ምንም።»

«ሊሊ።»

«‹ሠርጉ ትንሽ ይዘግይ› አለችኝ። ለምን ስላት ‹ነገ ማታ እነግርሻለሁ፣ መጀመሪያ ዕድል ልስጠው› አለች። ምን ዕድል፣ ለማን፣ አትናገርም። ጮህኩባት። ‹ደስታዬን አትመቅኚኝ› አልኳት።» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «የመጨረሻ ቃሌ እሱ ነው። ለእናቴ።»

ገንዘቤ ትንሽ ጠበቀቻትና፣ «ልብስ ማጠብ ታውቂያለሽ?» አለች።

«በዚህ ቤት ነው ያደግኩት። ከፊደል በፊት የተማርኩት ነጭና ቀለም መለየት ነው።»

አምላኩ ሲገባ ጥያቄ አልጠበቀም።

«እኔ ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቢሮ ነበርኩ። ጥበቃውንም፣ ባልደረቦቼንም መጠየቅ ይችላሉ።»

«እጠይቃለሁ። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ደውለውልዎታል።»

«አዎ። ሱፉ ስለደረሰ መጥቼ እንድወስደው ነው።»

«ካርድስ?»

«የምን ካርድ?»

«ከኪስዎ የተገኘ።»

«እ... የሥራ ካርድ ይሆናል። እኔ እንጃ።»

«ቤትዎ ልብስ ማን ነው የሚያጥበው?»

ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሴት ትመጣለች። እኔ እንኳን ልብስ ካልሲም አጥቤ አላውቅ።»

«ሞቆዎታል፣ አቶ አምላኩ። ኮትዎን ቢያወልቁ?»

«ደህና ነኝ» አለ። በግንባሩ ላይ ላቡ ችፍ ብሏል።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ገንዘቤ ሃይደርን አንድ እንግዳ ነገር አዘዘችው። ከልብስ መደርደሪያው ተመሳሳይ የሱፍ ሹራብ ወስዶ በሳሙና ውሃ እንዲዘፈዝፍ፣ ሳይጨምቅም እንዲሰቅል ነገረችው። ሃይደር እየተነጫነጨ ሰቀለው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስትጠራው ሹራቡ ሥር ቆሞ ጫማውን እያየ ነበር። ጫማው ላይ ውሃ ጠብ አለ።

ስምንት ሰዓት ላይ አራቱንም ጣራው ላይ ሰበሰበቻቸው። ፀሐዩ ያቃጥላል። ላጲሶ ጃኬቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጣለ። እድላዊት ሻሽዋን አላላች። ሊሊ ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ አምላኩ ከኋላዋ ቆሞ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። አምስቱ ልብሶች አሁን ደርቀዋል። በጥቁሮቹ ሸሚዞች ላይ ነጭ የሳሙና እድፍ ወጥቶ ካርታ መስሏል።

«ወይዘሮ ፀሐይነሽ አላዳለጣቸውም» አለች ገንዘቤ። «ሰው በሁለት እጁ ይዟቸው፣ ወደ ኋላ ገፍቷቸው፣ ጭንቅላታቸው ገንዳውን መትቷል። ሁላችንም ግን ጠዋት አንድ ነገር አመንን። ልብሱ ስለሚንጠባጠብ ሴትዮዋ እስከ ሁለት ሰዓት በሕይወት ነበሩ ብለን።»

«አልነበሩም?» አለ ላጲሶ።

«እነዚህን ሸሚዞች ይዩ። ይሄ ነጭ ነገር ምንድን ነው?»

«ሳሙና። ሳይለቀለቅ ነው የተሰጣው።»

«ወይዘሮ ፀሐይነሽ ስንት ጊዜ ነበር የሚያለቀልቁት?»

«ሦስት ጊዜ!» አለች እድላዊት። «ሳሙና ክር ውስጥ ከቀረ ልብሱን ይበላዋል። ሦስተኛው ውሃ ካልጠራና ልብሱ ካልተጨመቀ ከሳፋ አይወጣም።»

«ይሄ ልብስ አልተለቀለቀም፤ አልተጨመቀም። ከተዘፈዘፈበት ሳፋ ተመዞ በቀጥታ ወደ ገመዱ ነው የመጣው። ያልተጨመቀ ሹራብ በቀትር ፀሐይ እንኳ ከተሰቀለ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላም እንደሚንጠባጠብ ሳጅን ሃይደር በጫማው ያውቃል። በማለዳው ቅዝቃዜማ ከዚያም በላይ ይቆያል። ስለዚህ የተሰቀለው ሁለት ሰዓት ላይ መሆኑ ግድ አይደለም። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሊሆን ይችላል። የሰቀለው ሰው የፈለገው ይሄንኑ ነው፤ ሟቿ በሕይወት ያሉ እንዲመስሉ።»

ታች አውራ ጎዳናው ላይ የሚኒባስ ረዳት ይጮኻል።

«ታዲያ ይሄ ማንን ይጠቅማል? እድላዊት ሁለት ሰዓት ላይ ብቻዋን ሰልፍ ላይ ነበረች። አቶ ላጲሶ ማንም በማያውቃቸው ገበያ ውስጥ ነበሩ። ሊሊ ቤቷ ብቻዋን ነበረች። ሰዓቱን ወደ ሁለት መግፋት ሦስቱንም አያድናቸውም፤ እንዲያውም ያስጠረጥራቸዋል።»

የአምላኩ እጅ ከሊሊ ትከሻ ላይ ተነሣ።

«ሁለተኛው ነገር አሰቃቀሉ ነው። ሹራቡ ተንጠልጥሏል፣ ጥቁሩ ፀሐይ ላይ ወጥቷል፣ ቀዩ ከነጩ ጎን ነው። ባዶ ጥላ እያለ!»

«ምናልባት ሆን ብሎ ቢሆንስ?» አለ አምላኩ። ድምፁ ትንሽ ቀጥኗል። «የሚያውቅ ሰው የማያውቅ መስሎ...»

«አስቤበታለሁ። የሰቀለው ሰው ግን የፈለገው ‹ይሄን ወይዘሮ ፀሐይነሽ ሰቀሉት› እንድንል ነው። የሚያውቅ ቢሆን እንደ እሳቸው አድርጎ ይሰቅለው ነበር። የእሳቸውን እጅ ለማስመሰል የፈለገ ሰው እንዲህ የሚሰቅለው እጃቸውን ስለማያውቀው ብቻ ነው። ከዚህ ቤት የተማሩት ሦስቱ ያውቁታል።» ዞር ብላ አየችው። «እርስዎ ካልሲም አላጥብም ብለውኛል።»

«ይሄ ማስረጃ ነው? ሹራብ አሰቃቀል?»

«አይደለም። ማስረጃው ቀዩ ቀሚስ ነው። ሳይጨመቅ ከሳፋ ወጥቶ፣ በሁለት ክንድ ታቅፎ ይሄን ሁሉ ደረጃ ወጥቷል። ነጠላውን ምን እንዳደረገው ታያላችሁ። የተሸከመውን ሰው ሸሚዝስ ምን አድርጎታል? ያ ሰው ኮቱን አውልቆ ሠርቶ፣ መልሶ ለብሶ፣ በቀጥታ ቢሮ ገብቷል። ከዚያ ተደውሎለት እዚህ መጣ፤ ከእጮኛው ዞር ብሎ ሸሚዝ መቀየር አልቻለም። ከጠዋት ጀምሮ በዚህ ፀሐይ ኮቱን እንደቆለፈ ነው።»

«ብርድ ይዞኛል።»

ሊሊ ተነሣች። ፊት ለፊቱ ቆመች። ልቅሶዋ ደርቋል።

«አውልቀው።»

«ሊሊዬ፣ የሚያወሩትን...»

«አውልቀው አምላኩ።»

ወደ ደረጃው ተመለከተ። ሃይደር እዚያ ቆሟል። የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ። የነጭ ሸሚዙ ደረትና ሁለቱም እጅጌዎች እስከ ክርን ድረስ ሮዝ ሆነው ነበር።

እድላዊት «ጌታ ሆይ» ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

ሃይደር ኮቱን ተቀብሎ ፈተሸው። ከውስጥ ኪሱ ሁለት ቦታ የታጠፈ ወፍራም ወረቀት አወጣ። ገንዘቤ ዘርግታ አነበበችው።

«ካርዱ የሥራ ካርድ አይደለም። የሕፃን ክትባት ካርድ ነው። አዳማ የተሰጠ። የስምንት ወር ልጅ፣ የእናት ስም ሣባ፣ የአባት ስም አምላኩ።»

«ሚስትህ ናት?» አለች ሊሊ።

አምላኩ ዓይኑን ከወረቀቱ ወደ ወለሉ አወረደ።

«ሚስትህ ናት ወይ?»

«አልተፋታንም» አለ። የጣራው ግንብ ላይ ተቀመጠ። «እነግርሻለሁ ብዬ ነበር። እናትሽን ለመንኳቸው። ሠርጉ ይለፍና ብዬ። ‹እስከ ማታ ድረስ አንተ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ› አሉኝ። ካርዱን ተቀብዬ ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆሙ። ያዝኳቸው። ገፋ ነው ያደረግኳቸው፣ ሊሊ። ገፋ ብቻ። መግደል አላሰብኩም።»

«ሲገፏቸው አላሰቡም ይሆናል» አለች ገንዘቤ። «አስከሬኑን ያየው ሐኪም ግን ወዲያው አልሞቱም ይላል። ደሙ እስከ መውረጃው የደረሰው ልባቸው እየመታ ስለነበር ነው። ምናልባት ሩብ ሰዓት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። እርስዎ በዚያን ጊዜ ስልክ በኪስዎ ይዘው ልብስ ይሰቅሉ ነበር።»

አምላኩ ቀና አላለም። ላጲሶ፣ በሥራ ላይ ድምፁ የማይሰማው ሰው፣ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ጮክ ብሎ አለቀሰ።

ሃይደር ካቴናውን በአምላኩ እጆች ላይ አስገብቶ ሊያወርደው ሲል ሊሊ እጇን ወደ ገንዘቤ ዘረጋች። ኢንስፔክተሯ ካርዱን ወደ ማስረጃ ፖስታ ከማስገባቷ በፊት አሳየቻት። ሊሊ እያንዳንዱን መስመር አነበበች፤ ጣቷ መጨረሻው ላይ ቆመ።

«ልጁ ናሆም ነው የሚባለው?» አለች ወደ አምላኩ ሳትዞር።

«አዎ» አለ ከደረጃው አፍ።

«የሚቀጥለው ክትባቱ ሰኞ ነው።» ፊቷን ወደ ገንዘቤ መለሰች። «ኢንስፔክተር፣ ይሄ ካርድ እናንተ ዘንድ እንደሚቀር ይገባኛል። ፎቶ አንሱላትና ለእናቱ ላኩላት። ሰኞ ያለ ካርድ ሄዳ እንዳይመልሷት።»

ገንዘቤ ስልኳን አወጣች። ካርዱን በሁለቱም ገጽ አነሣችው፤ ሃይደርም የሣባን ስልክ ቁጥር ከአምላኩ ጠይቆ አንድ በአንድ አነበበላት።